ቂም ይፈታል፣ ሒሳብ ይወራረዳል



በየአጥቢያው ተጀምረው የቆሙ የልማት ሥራዎችን ስንጎበኝ ሥራው የቆመበትን ምክንያት እንጠይቃለን። በመጀመሪያ የሚሰጠን መልስ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ አልደረሰም፣ ቧንቧ ተሰበረ፣ ባለሙያ ጠፋ የሚል ነው። ጥቂት ቆይተን ከሰዉ ጋር እንጀራ ስንቆርስ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ሊቀ መንበሩና ጸሓፊው ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ንብረት ክፍሉ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ቀርቷል፤ የታችኛው መንደር ሰዎች ከላይኛው መንደር ሰዎች ጋር በአንድ ጉባኤ አንቀመጥም ብለዋል። ቧንቧው በእርግጥ ተሰብሯል፤ ሳይጠገን የቆየው ግን በመካከላቸው በተቋጠረው ቂም ነው።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ግንባታ ሳይሆን ስለ ይቅርታ ልንማማር ወደናል። ይቅርታን ማስተማር ለካህን አዲስ ነገር አለመሆኑን እናውቃለን። እኛም ለመጻፍ የተነሣሣነው ከእናንተ የተሻለ ዕውቀት ስላለን ሳይሆን፣ ይቅርታን በችኰላ ያበላሸንበት አንድ ጊዜ ስላለ ነው። እርሱን ዝቅ ብለን እንናገራለን።

ስለ ቃላቱ

ቋንቋችን በዚህ ነገር ብዙ ዕውቀት አኑሯል። ስንቅ ይቋጠራል፤ ቂምም ይቋጠራል። መንገደኛ ስንቁን የሚቋጥረው ኋላ ሊበላው ነው፤ ቂመኛም በደሉን በልቡ የሚቋጥረው አንድ ቀን ፈትቶ ሊጠቀምበት ነው። ነገር ግን ስንቅ መንገዱ በገፋ ቍጥር እየቀለለ ይሄዳል፤ ቂም ሲሸከሙት የሚከብድ ብቸኛው ቋጠሮ ነው። በሌላ በኩል ንስሐ የገባ ሰው በካህኑ ፊት ዝቅ ብሎ «ይፍቱኝ» ሲል የሚለምነው መፈታትን ነው። የእርሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት የሚለምን ሰው፣ በሌላው ላይ የቋጠረውን በእጁ ጨብጦ ቢቀርብ ልመናው ከእጁ ጋር ይጋጫል። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለዚህ ነው። ሳል ሌባውን በጨለማ እንደሚያጋልጠው ሁሉ ቂምም ጸሎተኛውን በእግዚአብሔር ፊት ያጋልጠዋል።

«ይቅር» የሚለው ቃል ደግሞ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ አንድ ነገር ወደ ኋላ ይቅር፣ አይከተለን ማለት ነው። ጥያቄው ታዲያ «ምኑ ይቅር?» የሚለው ነው። በቀሉ ይቅር፣ ጥላቻው ይቅር፣ ክፉ መመኘቱ ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው። እውነቱ ሳይነገር ይቅር፣ የጠፋው ገንዘብ ሳይጠየቅ ይቅር፣ የጐደፈው ስም እንደ ጐደፈ ይቅር ማለት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለክርስቲያን በምርጫ የተተወ አይደለም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የይቅርታን ስም የተዋሰ መሸፋፈን ነው፤ በየኮሚቴው ይቅርታ መስሎ ተቀብሮ ቆይቶ የሚበቅለው ቂምም ከዚህ የሚመጣ ነው።

መቶ ዲናሩና ዮሴፍ

ጌታችን በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስላስተማረው ባለ ዕዳ ስንሰብክ፣ ዐሥር ሺሁን መክሊት እጅግ ብዙ፣ መቶውን ዲናር ከምንም የማይቈጠር አድርገን ማቅረብ ለምደናል። ነገር ግን አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ላብ ነው። ለድኻ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጌታችንም የተበደልከው ምንም አይደለም አላለም፤ የተበደልከው እውነት ነው፣ የተማርከው ግን ከዚያ ይበልጣል ነው ያለው። የተበደለ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ «ይህ እኮ ትንሽ ነገር ነው» ብለን የምንጀምር ከሆነ፣ ወንጌሉ ያላለውን እየተናገርን ነው።

የዮሴፍን ታሪክ ደግሞ ቀስ ብለን እንይ። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ በሃያ ብር የተሸጠው ልጅ በሠላሳ ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው የረኀቡ ዘመን ሲጀምር ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው በግንባራቸው ሰገዱለት። እርሱ ዐወቃቸው፤ እነርሱ አላወቁትም። በዚያች ሰዓት ዮሴፍ ያላደረጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አልተበቀላቸውም፤ ወዲያውም አንገታቸውን አላቀፈም። ስምዖንን አቈየ፣ ታናሻቸውን እንዲያመጡ ጠየቀ፣ ጽዋውን በብንያም ስልቻ አኖረ። ይህን ያደረገው በቂም ቢሆን ኖሮ ፈቀቅ እያለ አያለቅስም ነበር። በመጨረሻ ይሁዳ፣ ያ ቀድሞ «እንሽጠው» ያለው ይሁዳ፣ በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲቆም ዮሴፍ ራሱን ገለጠ። እህሉን ግን ከዚያ በፊትም አልከለከላቸውም፤ ብራቸውንም በየስልቻቸው መልሶ ነበር። ዮሴፍ ልቡን የፈታው ቀድሞ ነው፤ እምነቱን የመለሰው የወንድሞቹን መለወጥ ካየ በኋላ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን መሆን አልነበረባቸውም።

ከዚህም የሚያስደንቀው በኦሪት ዘፍጥረት መጨረሻ ምዕራፍ የሚገኘው ነው። ያዕቆብ በግብፅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖሮ ባረፈ ጊዜ ወንድሞቹ እንደ ገና ፈሩ። ዮሴፍ ይቅር ያለን ለአባታችን ሲል ይሆናል አሉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ከእርሱ እጅ በልተው ይቅር መባላቸውን አላመኑም ነበር። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። በደል ከበዳዩም ልብ በቀላሉ አይወጣም፤ ይቅርታን የሚሰጥ ሰው ይህንንም ሊታገሥ ይገባል።

ሚያዝያ 27

ከራሳችን ታሪክ ከዚህ ጋር የሚሄድ አለ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማዋ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም በየዓመቱ እናስበዋለን። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ምእመናን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል በደብረ ሊባኖስ በተሰበሰቡበት ሰሞን፣ የገዳሙ መነኮሳት ተይዘው ግንቦት 13 ቀን ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስታወቀው የ297 መነኮሳትን መገደል ነው፤ ከዚያ በኋላ የገዳሙ ዲያቆናትም ተገደሉ። በኋላ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ጠቅላላውን ቍጥር ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርጉታል።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ለሕዝቡ ባሰሙት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በእጁ በወደቀው ጠላት ላይ ግፍ እንዳይፈጽም አዘዙ። አባቱን ወይም ልጁን ያጣው ሕዝብ በዚያ ቀን ሊያደርግ ይችል የነበረውን ማሰብ አይከብድም። በአገራችን የቀሩ ኢጣሊያውያንም ጋራዥ ከፍተው፣ ቤት ገንብተው፣ አግብተውና ወልደው በመካከላችን ኖሩ።

ይህ በየዓመቱ የሚነገር ነው። ብዙም የማይነገረው ቀጥሎ የሆነው ነው። ኢትዮጵያ በቀሉን ተወች እንጂ ሒሳቡን አልተወችም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የፍትሕ ሚኒስቴር የኢጣሊያን የጦር ወንጀል ማስረጃዎች በሁለት ጥራዝ አሳተመ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል፣ የተወሰዱትንም ቅርሶች በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ተወሰነ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ከዚሁ ካሳ ጋር የተያያዘ ነው። የአክሱም ሐውልት ግን በዐሥራ ስምንት ወር አልተመለሰም። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ተቈራርጦ በአውሮፕላን መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ተተክሎ ተመረቀ። በደብረ ሊባኖስና በአዲስ አበባ ስለ ፈሰሰው ደም በፍርድ ቤት የቆመ አንድም ሹም የለም። እንዲያውም በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አፊሌ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ማለት እንዲህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ይቅርታ የበዳዩን መጸጸት ጠብቆ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን እስከ ዛሬ ቂማቸውን ይዘው በኖሩ ነበር። ሁለተኛው፣ በደሉ በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ፣ ካሳው በውል ስለ ተጠየቀ፣ የልጅ ልጅ በልቡ ተሸክሞት እንዲዞር አላስፈለገም። ደግሞም ልንዘነጋው የማይገባ አለ፤ የንጉሥ ዐዋጅ እጅን ሊከለክል ይችላል፣ ልብን ግን አይፈታም። አባቷ በላጋ ወልዴ የቀረባት ልጅ ይቅርታዋን የሰጠችው፣ ሰጥታም እንደ ሆነ፣ ራሷ እንጂ ማንም በእርሷ ስም አይደለም።

የእኛ ስሕተት

እኛ ይህን ሳናስተውል የሠራነውን አሁን እንናገር። በአንድ የደጋ አጥቢያ ምንጭ ጐልብቶ፣ ሦስት ቦኖዎች ተተክለው፣ ሕዝቡ በየወሩ እያዋጣ ይጠቀም ነበር። የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ የያዙት ባላቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኮሚቴው አባላት አንዱ በዐውደ ምሕረት ቆመው 4,300 ብር መጉደሉን ተናገሩ። የማንንም ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሁሉ ያውቃል።

ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡን ስንመረምር ገንዘቡ አለመጥፋቱ ታወቀ። ለቫልቭ መግዣ ወጥቶ ነበር። ቫልቩን ከከተማ ገዝተው ያመጡት ያው ተናጋሪው አባት ናቸው፤ ደረሰኙን በሌላ ወረቀት መካከል አስቀምጠው ረስተውት ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ሲያዩት ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

እኛ ግን የሩብ ዓመት ሪፖርት ደርሶብናል። ሁለቱን በኮሚቴው ፊት አስቀመጥንና «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» አልን። እሳቸውም አሉ፤ እርሳቸውም አሉ፤ ሁለቱም ተሳሳሙ። ጸሎት ተደርጎ ጠላ ተቀዳ። እኛም በሪፖርታችን ላይ «አለመግባባቱ በዕርቅ ተጠናቋል» ብለን ጻፍን።

ከአራት ወር በኋላ ስንመለስ ቦኖዎቹ ይሠራሉ። እኒያ እናት ግን ከቦኖ አይቀዱም። ልጆቻቸውን ግማሽ ሰዓት ቍልቍል ወደ ወንዝ ይልኳቸዋል። ቅዳሴ የሚያስቀድሱትም ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነው። ምነው ብለን ስንጠይቅ ከቦኖው ዘብ የሰማነው መልስ አስደነገጠን፦ «ገንዘቡን መልሳ እኮ ነው ይቅር የተባለችው!» ሕዝቡ ሁለቱ ይቅር ሲባባሉ ሰማ፤ ደረሰኝ መገኘቱን የነገረው ግን የለም። በዳይና ተበዳይን እኩል አስቀምጠን ይቅር ስላባባልናቸው ንጹሕዋን ሴት በሕዝብ ፊት ጥፋተኛ አደረግናቸው። ዕርቅ ብለን የጻፍነው የሐሰቱ ክስ ማኅተም ሆነ።

ምን ይደረግ?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከአባቶች ጋር ስንመረምር ያገኘነውን እናካፍላችኋለን፤ የምታውቁትን ስናስታውሳችሁ ይቅርታ አድርጉልን።

ዲድስቅልያ በመባል የሚታወቀው ጥንታዊው የሐዋርያት ትምህርት የተጣሉ ሰዎች ጉዳይ ሰኞ እንዲታይ ያዝዛል። ምክንያቱ እስከ እሑድ ጊዜ እንዲኖር፣ የተጣሉት እስከ ቅዳሴው ታርቀው እንዲገኙ ነው። እኛ ደግሞ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም ገና እህል ሳይቀምስ፣ ፀሐዩ እየበረታ፣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የሰባት ወር ጠብ በአንድ ሰዓት ልንፈታ እንቀመጣለን። ከዚህ መልካም ነገር ቢወጣ ተአምር ነው። ሰኞ መጀመር ለሽማግሌዎች ጊዜ ይሰጣል፤ ለተበዳዩም የሚያስብበት፣ ከነፍስ አባቱ ጋር የሚመክርበት ሌሊት ይሰጠዋል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ አጠገባችን ወዳለው ሰው ዘወር ብለን እጅ እንነሣለን፤ ጠብ ያለን ግን ከአጠገባችን ከቆመው ጋር አይደለም፣ ሆን ብለን በሌላኛው በር ከገባነው ሰው ጋር ነው።

ሒሳቡን የሚመረምር ሰውና ዕርቁን የሚመራ ሰው አንድ ባይሆኑ ይመረጣል። ምርመራው ይቅደም፤ ምን እንደ ጠፋ፣ ማን እንደ ተሳሳተ፣ ምን እንደሚመለስ ይታወቅ፤ ከዚያ ዕርቁ ይከተል። ያልታወቀ በደል ይቅር ሲባል ሁለቱም ወገን እኔ ነኝ ይቅር ያልሁት ብሎ ይሄዳል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ተቀባይነቱን በእንባ ብቻ አልገለጠም፤ እኩሌታውን ለድኾች፣ የበደለውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ቆሞ ተናገረ። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና ሲጽፍ ዕዳ የለበትም አላለም፤ በእኔ ላይ ቍጠረው አለ። ዕዳው በአንድ ሰው ስም መጻፍ ነበረበት።

በሕዝብ ፊት የተሰነዘረ በደል በሕዝብ ፊት ይታረም፤ በስውር የተደረገውም በስውር ይታከም። ጌታችን በዚያው በማቴዎስ 18 ላይ የደነገገው ቅደም ተከተል፣ በመጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይዘህ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሰበካ ጉባኤ ከማንኛውም ደንብ የበለጠ የሚጠቅም ነው። በዐውደ ምሕረት ስለ ጐደለ ገንዘብ የተናገሩት አባት ይህን ተከትለው በመጀመሪያ ወደ እኒያ እናት ቤት ቢሄዱ ኖሮ ደረሰኙ በዚያው ቀን ይገኝ ነበር።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሴትን የደበደበ፣ ልጅን ያስነወረ፣ የሰው ሕይወት ያጠፋ ሰው ጉዳይ «ይቅር ተባባሉ» ተብሎ በኮሚቴ የሚያልቅ አይደለም። ተበዳዩ በልቡ ይቅር ይበል ዘንድ ካህኑ ይርዳው፤ ወደ ጥቃቱ ቦታ እንዲመለስ ግን ማንም አያስገድደው፤ ሕግም የራሱን ሥራ ይሥራ። ደም ያቃባቸው ወገኖች ጉዳይ በየአካባቢው የራሱ የታወቀ የደም ማድረቅ ሥርዓት አለው፤ በዚያም ቢሆን ካሳ፣ ምስክርና መሐላ እንዳለ አባቶች የሚያውቁት ነው።

ወደ ተበዳዩ ልብ እንመለስ፤ ከባዱ ሥራ ያለው እዚያ ነውና። የተበደለ ሰው ቂምን የሚይዘው ክፉ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ እኔ ከተውሁት ማን ያስታውሰዋል ብሎ ነው። ማንም ያልጻፈለትን ሒሳብ በልቡ ይጽፈዋል፤ ቂም መዝገብ የለሽ ሰው መዝገብ ነው። ስለዚህ ጉባኤው እውነቱን ሲመዘግብለት ይቅር ለማለት ግማሽ መንገድ ይሸኘዋል። ግማሹ ግን የእርሱ ነው፤ ጉባኤው ባይመዘግብለትም ከእርሱ ይጠበቃል። የአፊሌን መታሰቢያ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ በዳዩ የማይመለስበት፣ ዳኛ የማይገኝበት፣ ደረሰኙ ለዘለዓለም የሚጠፋበት በደል አለ። ያን ጊዜ ሰው የሚመርጠው በቂምና በፍትሕ መካከል አይደለም፤ ፍትሕን ለእግዚአብሔር አስረክቦ በመኖርና ቂምን እየተመገቡ በመኖር መካከል ነው።

ይቅርታ ስሜት እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገርም አይደለም። በዳዩን ስናይ ደማችን የሚፈላ ከሆነ ይቅር አላልንም ማለት አይደለም። ክፉ ላለማድረግ፣ ክፉ ላለመናገር፣ ስሙን በጸሎት ለማንሣት መቍረጥ መጀመሪያ ነው። አንድ አባት ቂም የያዘውን የንስሐ ልጃቸውን የበዳዩን ስም ለአንድ ሱባዔ በጸሎት እንዲያነሣ ያዝዙት ነበር፤ «በመጀመሪያው ቀን ስሙን ብቻ ጥራ፤ መልካም መመኘቱ ይደርሳል» ይሉታል። ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለውንም እንዲህ ማሰብ ይጠቅማል፤ ሰው ሰባ ጊዜ ሰባት ባይበድለንም አንዱ በደል ሰባ ጊዜ ሰባት ይታወሰናል። በታወሰን ቍጥር እንደ ገና መፍታት አለብን።

ወደዚያ አጥቢያ ስንመለስ

ነገሩን ያቀኑት የእኒያ እናት የነፍስ አባት ናቸው። ያደረግነውን ስንነግራቸው ብዙ አልወቀሱንም። ተናጋሪውን አባት አስጠርተው «የት ቆመው ነበር የተናገሩት?» ብለው ጠየቋቸው። «በዐውደ ምሕረት፣ አባቴ» አሉ። «እንግዲያስ እዚያው ይመለሱ» አሏቸው።

በቀጣዩ እሑድ ሰውየው ደረሰኙን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ቀኑን፣ የሱቁን ማኅተም፣ 4,300 ብሩን እያነበቡ፣ ስሕተቱ የእርሳቸው መሆኑን፣ እኒያ እናት ከአንድ ሳንቲም ንጹሕ መሆናቸውን ተናገሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ካህኑ ወደ ቅጥሩ በር ተመልክተው «ልጄ፣ ግቢ» አሉ። እናታችን ገብተው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ካህኑ ይቅር ማለታቸውን ጠየቋቸው።

«አባቴ፣ ይቅር ያልኋቸውስ በፍልሰታ ነው» አሉ። «ስሜን ግን እኔው ለራሴ ልመልሰው አልቻልሁም ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቻቸው ከቦኖው ይቀዳሉ። ወደ ገንዘብ ያዥነቱ እንዲመለሱ ኮሚቴው ለመናቸው፤ እሳቸው ሌላ ሰው ይሞክረው ብለው አልተቀበሉም። አልጫናቸውም። አንዳንድ የኮሚቴው አባላት ገና ቅሬታ አላቸው መሰለን ብለው ይጠረጥራሉ፤ እኛ ግን እንደዚያ አላየነውም።

ጸሓፊው የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አውጥተው ክሱ የተጻፈበትን ገጽ አገኙ። ገጹን አልቀደዱትም፤ ሰርዘውም አላጠፉት። በኅዳጉ ላይ ደረሰኙ የተገኘበትን ቀን ጽፈው፣ አምስቱም የኮሚቴው አባላት ፈርመውበት፣ የደረሰኙን ቅጂ ከገጹ ጋር አያያዙት። እኛም ወደ ቢሯችን ስንመለስ የዚያን ሩብ ዓመት ሪፖርት አወጣን፤ «በዕርቅ ተጠናቋል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር አጠገብ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈን አስገባን።